ለሯጭ ሆድ የሚሰጠው ምክር ሒሳቡ አይዘጋም

በረጅም ርቀት ውድድር ላይ የሆድ ችግርን ስለመከላከል የተጻፈ ጽሑፍ ብትከፍቱ ዝርዝሩ ሁሌም ያው ነው። ከውድድር በፊት አሰር (ፋይበር) የበዛበት ምግብ አትብሉ። ቅባት ቀንሱ። በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት ውሰዱ። መጠጣችሁ ቀጠን ይበል፣ ከ6 እስከ 8% ይሁን። ሲጠማችሁ ብቻ ጠጡ። በውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ።

እያንዳንዷ ምክር ከጀርባዋ ጥናት አላት፤ ሐሰት የምትባል የለችም። እኔን የሚያሳስበኝ ዝርዝሩ ራሱ ነው። የተማርኩት ምህንድስና ነው፣ ሐኪም አይደለሁም። በእኛ ሙያ ግን ስድስት መመሪያ አንድ ላይ ሲመጣልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስድስቱ አብረው መኖር ይችላሉ ወይ ብለን ነው። የሯጭ ሆድ ምክሮችን በዚህ ጥያቄ ስንፈትሻቸው ሦስት ቦታ ላይ ይሰነጠቃሉ፦ ቁጥሮቻቸው እርስ በርስ ይጋጫሉ፤ የተለኩበት ሰውና የሚነገራቸው ሰው ይለያያሉ፤ የእኛን ማዕድና የእኛን በሽታም አያውቁም።

ጉዳዩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ፓውላ ራድክሊፍ እ.ኤ.አ. በ2005 የለንደን ማራቶንን ያሸነፈችው በሩጫው መሀል መንገድ ዳር ቆማ ከተጸዳዳች በኋላ ነው። ፈረንሳዊው ዮሐን ዲኒዝ በ2016ቱ የሪዮ ኦሊምፒክ የ50 ኪሎ ሜትር እርምጃ ውድድርን እየመራ ሳለ ሆዱ ከድቶት፣ ወድቆ ተነስቶ፣ 8ኛ ሆኖ ጨረሰ። እነዚህ ስማቸው የገነነ ናቸው። ከበቆጂ ወይም ከሱሉልታ ተነስቶ በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ብቻ ማራቶን የሚሮጥ ልጅ ግን 35ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሆዱን ይዞ ቢቆም የቀረበት የስድስት ወር ልፋትና የቤተሰቡ ገቢ ነው።

ሆድ ውስጥ ምን ይከሰታል?

ትችቱን ለመከተል አሠራሩን ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ላይ ሰውነት ደምን ወደ ጡንቻና ወደ ቆዳ ያዞራል። ወደ አንጀት የሚሄደው ደም እንቅስቃሴው ሲከብድ እስከ 80% ሊቀንስ ይችላል። ደም ሲያጥረው የአንጀት ግድግዳ ይጎዳል፣ ማገጃነቱም ይላላል። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል።

ሁለተኛው የነርቭ ጉዳይ ነው። ሰውነት በውጥረት ላይ ሲሆን ጨጓራ ይዘቱን ወደ አንጀት የሚያወርድበት ፍጥነት ይቀንሳል፣ መምጠጡም ይዳከማል። ሦስተኛው ሩጫው ራሱ የሚፈጥረው መናጥ ነው። ብስክሌተኛ ኮርቻ ላይ ተቀምጧል፤ ሯጭ ግን በየእርምጃው ሆዱ ይናጣል። ሯጮች ላይ የታችኛው ሆድ ችግር፣ ማለትም ቁርጠት፣ ተቅማጥና ድንገተኛ የመጸዳዳት ስሜት፣ ከብስክሌተኞች ይልቅ የሚበረታውም በዚህ ምክንያት እንደሆነ ይታሰባል።

አሁን ስኳር ጨምሩበት። ግሉኮስ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ኤስጂኤልቲ1 በሚባል አሳላፊ ፕሮቲን በኩል ነው። ይህ በር በሰዓት 60 ግራም አካባቢ ሲደርስ ይሞላል። ፍሩክቶስ ግን ግሉት5 የሚባል የራሱ በር አለው። ሁለቱን ቀላቅሎ የሚወስድ ሰው ስለዚህ በሰዓት 90 ግራም እና ከዚያም በላይ ሊጠቀም ይችላል። ከበሩ አቅም በላይ የሆነው ስኳር አንጀት ውስጥ ቀርቶ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል፤ ባክቴሪያዎችም ያብላሉታል። ውጤቱን መናገር አያስፈልግም፤ የሮጠ ያውቀዋል።

አንደኛ፦ ቁጥሮቹን አንድ ላይ አስቀምጧቸው

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። በ2 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ማራቶን የሚጨርስ ሯጭ 5 ኪሎ ሜትር የሚፈጅበት 15 ደቂቃ ተኩል ገደማ ነው። የመጠጥ ጠረጴዛ በየ5 ኪሎ ሜትሩ ነው ብንል፣ በሰዓት አራት ጠረጴዛ እንኳ ሙሉ አይደርሰውም። በሰዓት 60 ግራም ለመውሰድ በየጠረጴዛው 15 ግራም ያስፈልገዋል። መጠጡ 8% ከሆነ ይህ 190 ሚሊ ሊትር ነው። በ90 ግራም ስሌት ደግሞ በየጠረጴዛው ወደ 290 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ በሰዓት ከ1.1 ሊትር በላይ ማለት ነው።

ታዲያ የዓለም ምርጥ ማራቶን ሯጮች በእውነተኛ ውድድር ላይ ስንት ይጠጣሉ? እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ በትልልቅ ውድድሮች ቪዲዮ ላይ የተመሠረተ ጥናት አማካዩን በሰዓት 0.55 ሊትር አካባቢ አድርጎታል። በዚህ መጠን 60 ግራም ለማስገባት መጠጡ 11% መሆን አለበት። 90 ግራም ለማስገባት ደግሞ ከ16% በላይ፣ ማለትም ከሚመከረው ውፍረት እጥፍ።

እንግዲህ «90 ግራም ውሰዱ»፣ «መጠጡ ከ8% አይብለጥ» እና «በጥማታችሁ ልክ ጠጡ» የሚሉት ሦስት ምክሮች አንድ ፈጣን ሯጭ ሆድ ውስጥ አብረው አይገቡም። አንዱ መልቀቅ አለበት። ዝርዝሩን የሚጽፈው ሰው የትኛው እንደሚለቀቅ አይነግረንም፤ ውሳኔው ሳይነገረው ሯጩ ላይ ይወድቃል። ሯጩም ብዙ ጊዜ የሚወስነው 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ያ ደግሞ ለውሳኔ የመጨረሻው መጥፎ ቦታ ነው።

የመጠጥ አምራቾች ይህን ግጭት ቀድመው አይተውታል። ጨጓራ አሲድ ውስጥ ሲገባ ወደ ስስ ጄል የሚለወጥ ሃይድሮጄል የተባለ መጠጥ ገበያ ላይ የወጣው ወፍራም ስኳርን ያለ ችግር ለማሳለፍ በሚል ነው። ሐሳቡ ብልህ ነው። ከተለመደው መጠጥ ጋር ያነጻጸሩት የቤተ ሙከራ ጥናቶች ግን አብዛኞቹ ግልጽ ብልጫ አላገኙም፤ የተሻለ ውጤት ያዩም አሉ። በዚህ ማስረጃ ላይ ተመሥርቶ አንድ ወጣት አትሌት በውጭ ምንዛሪ ዋጋ እንዲገዛው መገፋፋት ግን ለእኔ አይዋጥልኝም። ተራ ስኳር ራሱ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ነው። ማርም ሁለቱን ይዟል። ሁለቱን በር የሚከፍተው ነገር ወጥ ቤታችን ውስጥ አለ ማለት ነው። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 60 ግራም ስኳር (5 የሾርባ ማንኪያ ገደማ) እና ቆንጠር ያለ ጨው 6% መጠጥ ይሰጣችኋል።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን፦ ኦ አር ኤስን እንደ ኃይል መጠጥ የሚመክሩ አሉ። እሱ የተሠራው ተቅማጥ ለያዘው ሰው ነው፤ በሊትር ያለው ግሉኮስ 13.5 ግራም ብቻ ነው። ለታመመ ሰው ግሩም ነገር ነው፣ ማራቶን ግን አያስጨርስም።

ሁለተኛ፦ ማንን ለክተው፣ ለማን ይናገራሉ?

ብዙዎቹ የካርቦሃይድሬት ቁጥሮች የመጡት ቤተ ሙከራ ውስጥ ብስክሌት ከሚነዱ የሠለጠኑ ወንዶች ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቆሞ የሚነዳ ብስክሌት ላይ ደም መውሰድና ትንፋሽ መለካት ይቀላል። ነገር ግን ከላይ እንዳየነው የብስክሌተኛ ሆድ አይናጥም። ቁጥሩ ሳይለወጥ ወደ ሯጭ ሲሻገር፣ ችግሩን ከሚፈጥሩት ሦስት ነገሮች አንዱ ተቀንሶ ነው የተሻገረው።

ርቀትም አለ። ሰውነት ያከማቸው ግላይኮጅን ለአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ጠንካራ እንቅስቃሴ ይበቃል። ታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትር ነው። እየዘፈነ እየጨፈረ የሚያጠናቅቀው ሰው ጄል አያስፈልገውም፣ 90 ግራምማ ጭራሽ። ምክሩ ግን ርቀት ሳይጠቅስ በማኅበራዊ ሚዲያ ይዞራል። ሰውም ለማያስፈልገው ነገር ከፍሎ፣ ባልለመደው ስኳር ሆዱን ያስቸግራል።

የችግሩ ስፋት ራሱ የሚነገረው በጥርጣሬ መታየት ባለበት ቁጥር ነው። «ከ30 እስከ 90% የሚሆኑ ሯጮች የሆድ ችግር አለባቸው» ሲባል ትሰማላችሁ። ለምን ይህን ያህል ሰፊ ሆነ? አንዱ ጥናት ግሳትንም ይቆጥራል፣ ሌላው ሩጫ ያስቆመውን ብቻ ይቆጥራል። አንዱ 10 ኪሎ ሜትር፣ ሌላው 160 ኪሎ ሜትር ላይ ይጠይቃል። ግሳትንና ደም የቀላቀለ ሰገራን በአንድ ሣጥን ከቶ በመቶኛ መናገር ልኬት አይባልም።

የውሃው ታሪክ ደግሞ ለብቻው ትምህርት ነው። የአሜሪካ ስፖርት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1996 ያወጣው መመሪያ በሰዓት ከ600 እስከ 1200 ሚሊ ሊትር ይመክር ነበር። በ2002 በቦስተን ማራቶን 488 ሯጮች ሲመረመሩ 13% የሚሆኑት ደማቸው ውስጥ ያለው ሶዲየም ከሚገባው በታች ወርዶ ተገኘ፤ ዋናው ምክንያት ከመጠን በላይ መጠጣት ነበር። በዚያው ውድድር አንዲት ወጣት በዚሁ ምክንያት ሞታለች። መመሪያው በ2007 ተሻሽሎ እንደ ሰውየው ይለያያል ወደ ማለት መጣ። አንድ ቁጥር ለሁሉም ሲሰጥ ሆድ በማስቸገር ብቻ ላያበቃ እንደሚችል ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

የእኛው ተረክም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከላይ የጠቀስኩት የ2012 ጥናት ኃይሌ ገብረሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2009 ዱባይ ላይ ሲያሸንፍ የሰውነቱን ክብደት 9.8% ያህል እንዳጣ መዝግቧል። ከዚህ ተነስተው «ሐበሻ ውሃ አይፈልግም» የሚሉ አሉ። በ10 ኢትዮጵያውያን ሯጮች ላይ የተሠራ የ2011 ጥናትም አትሌቶቹ ከልምምድ በፊትም ሆነ በልምምድ ላይ ውሃ እንደማይጠጡ አሳይቷል። ሁለቱን ገጣጥሞ «ምስጢራቸው ይህ ነው» ማለት ግን አሸናፊውን ብቻ ቆጥሮ የወደቀውን መርሳት ነው። ኃይሌ ሳይጠጣ አሸነፈ ማለት ሳይጠጡ የተሸነፉት የሉም ማለት አይደለም።

እኔ ከዚያ የ2011 ጥናት የማነበው ሌላ ነገር ነው። ሆድ እንደ ጡንቻ ይለማመዳል። በሞናሽ ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2017 የታተመ ሙከራ እንዳሳየው፣ ለሁለት ሳምንት እየሮጡ ካርቦሃይድሬት መውሰድን የተለማመዱ ሯጮች የሆድ ምልክታቸው ቀንሷል፣ የመምጠጥ አቅማቸውም ተሻሽሏል። ልምምድ ላይ አንድ ጉንጭ ጠጥቶ የማያውቅ አትሌት በውድድር ቀን በየ5 ኪሎ ሜትሩ ጠርሙስ ቢሰጠው፣ ያልሮጠበትን እግር ይዞ እንደመቅረብ ነው። «በውድድር ቀን አዲስ ነገር አትሞክሩ» የሚለው ምክር ለእሱ ምን ማለት ነው? መጠጣቱ ራሱ አዲስ ነገር ነውና።

ሦስተኛ፦ የማን ማዕድ? የማን በሽታ?

በአሁኑ ጊዜ የፋሽን ምክር ፎድማፕ የሚባሉትን፣ አንጀት ውስጥ በቀላሉ የሚቦኩ የካርቦሃይድሬት ዓይነቶችን፣ ከውድድር በፊት መቀነስ ነው። መሠረት አለው። ዝርዝሩ ግን «ስንዴ ዳቦን በሩዝ ተኩ፣ ፖም አትብሉ» ይላል። የእኛ ሯጭ ማታ የበላው ሽሮ ነው። ሽምብራ፣ ባቄላ፣ ምስርና አተር፣ ከዚያ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱ፣ ሁሉም እዚያ ዝርዝር አናት ላይ መቀመጥ ያለባቸው ናቸው። የሚወደደው የገብስ በሶም ቢሆን ፎድማፕ አለበት። የጤፍ እንጀራም አሰር አለው።

ታዲያ ሽሮ ይቅር? በፍጹም። በተለይ በጾም ወቅት ሽሮንና ምስርን ማስቀረት ማለት ዋናውን የፕሮቲን ምንጭ ማስቀረት ነው። የሚሻለው ጊዜውን ማጥበብ ነው፦ ከውድድር በፊት ያለችውን አንዲት ቀን ወይም ሁለት ቀን ብቻ ነጭ ሩዝ፣ ፓስታ ሆድ ከተስማማው ፓስታ፣ ድንች፣ ሙዝ ላይ ማተኮር፤ በርበሬና ቅባት ማቅለል። ከዚያ ወደ ሽሮ መመለስ። ምክሩ ይህን የጊዜ ገደብ ሳይነግር ሲዞር አደጋ አለው። ሆዱን የፈራ ወጣት፣ በተለይም ወጣት ሴት አትሌት፣ ምግብ መቀነስ ትጀምራለች። ኃይል ሲያጥር የወር አበባ ይዛባል፣ አጥንት ይሰነጠቃል፣ የሚገርመው ደግሞ ሆዱም ራሱ ይብስበታል።

ሌላው ከውጭ የመጣው ዝርዝር የማያውቀው ጃርዲያን፣ አሜባንና የጨጓራ ባክቴሪያን ነው። እዚያ አገር «እየሮጥኩ ያስቀምጠኛል» ሲባል መጀመሪያ የሚጠረጠረው ጄሉ ይሆናል። እዚህ ግን መጀመሪያ መመርመር ያለበት ሰገራው ነው። በተቃራኒው የእኛ ልማድም ጥፋት አለበት፦ ሆድ በተነካ ቁጥር «ጨጓራዬ ነው» ወይም «አሜባ ነው» ብሎ ሳይመረመሩ ከመድኃኒት ቤት ፍላጂል መግዛት። ችግሩ በልምምድ ቀን ብቻ ከመጣ ሩጫውና ምግቡ ይመርመሩ፤ በዕረፍት ቀንም ካለ ጤና ጣቢያ ይኬድ። ደም ያለበት ወይም ጥቁር ሰገራ፣ ትኩሳት፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ሕመም ካለ ደግሞ ምንም ዓይነት የአመጋገብ ምክር ማንበብ አያስፈልግም፤ ሐኪም ነው።

ዝርዝሮቹ በትንሹ ጽፈው የሚያልፉት፣ ለእኔ ግን አናት ላይ መቀመጥ ያለበት ነገር አይቡፕሮፌን ነው። ብዙ ሯጭ ሕመም እንዳይሰማው ከውድድር በፊት ይውጠዋል። የማስትሪኽት ተመራማሪዎች በ2012 ባሳተሙት ጥናት 9 ጤነኛ ወንዶች ከብስክሌት ልምምድ በፊት አይቡፕሮፌን ሲወስዱ፣ ልምምዱ ብቻውን ከሚያደርሰው ይልቅ የአንጀት ጉዳት ምልክታቸው ጨምሯል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ መድኃኒቱ ጨጓራን እንደሚጎዳ ግን ከስፖርት ውጭም በደንብ የታወቀ ነው። ውሃ ላጠረው ሰው ለኩላሊትም አይመችም። ይህን አንድ ነገር መተው ምንም ወጪ የለውም፣ ስሌትም አይጠይቅም። ከአሰርና ከቅባት እኩል በአንድ መስመር መቀመጡ ትክክል አይደለም።

ታዲያ ምክር እንዴት ይጻፍ?

ምክር ሰጪዎች ዝርዝራቸውን በቅደም ተከተል ቢያደርጉት ግማሹ ችግር ይቃለላል። መጀመሪያ ጉዳት የሚያደርሰው ይወገድ፦ አይቡፕሮፌን፣ ያለ ጥማት ውሃ ማጨቅ፣ ያልተመረመረ ተቅማጥ ይዞ መሮጥ። ቀጥሎ ርቀቱ ይጠየቅ፦ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ለሚሮጥ ሰው የግራም ወሬ ይቅር። ከዚያ ለማራቶን ሯጭ መነሻው እሱ አሁን የሚጠጣው መጠን ይሁን። የሚጠጣው በሰዓት 400 ሚሊ ሊትር ከሆነ 8% መጠጥ የሚሰጠው 32 ግራም ነው። ከዚያ ተነስቶ በረጅሙ ሩጫ ቀን በየሳምንቱ ጥቂት ግራም መጨመር ይቻላል። 90 ግራም ግዴታ አይደለም፤ ሳያስቸግረው የሚወስደው 50 ግራም ከሚያስታውከው 90 ግራም ይሻላል።

አሠልጣኞችም አንድ ቀን ላይ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ጄሉን፣ ቁርሱንና ሰዓቱን አንድ ላይ የለወጠ ሰው ሆዱ ቢሻለውም ለምን እንደተሻለው አያውቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ደብተርና እስክሪብቶ ነው፦ ምን በላሁ፣ ስንት ሰዓት ላይ፣ ስንት ጠጣሁ፣ ምን ያህል ሞቃት ነበር፣ ሆዴ ምን አለ። የስምንት ሳምንት እንዲህ ያለ ደብተር ይዞ የሚመጣ አትሌት፣ የትኛውም ጽሑፍ፣ ይሄኛውን ጨምሮ፣ ሊነግረው የማይችለውን ስለራሱ ሆድ ያውቃል።